የጎጃም ክሪስታሎችና የተወለዱባቸው አለቶች

በጉጂ በሻኪሶ የተገኘው ኤመራልድ የተባለው አረንጓዴ ዕንቁ ወሬ በአገሩ ሁሉ ከተሰማ ወዲህ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ድንጋይ በጨርቅ ቋጥሮ የሚመጣ ሰው በርክቷል። አንዱ ከእርሻው ጥግ ያነሣውን አረንጓዴ ቅብ ያለው ጥቁር ድንጋይ ያሳየኛል፤ ሌላው ከመንገድ ቆረጣ የወደቀ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ ስባሪ አምጥቶ «መምህር፣ ይህ አልማዝ ይሆን?» ሲል ይጠይቀኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ድንጋይን አንሥቶ በብርሃን ማገላበጥና ምንነቱን መጠየቅ የዚህ ዕውቀት ሁሉ መነሻ ነው። ነገር ግን ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ከመካከል ይጀምራል፤ ክሪስታሉን ያያል፣ ክሪስታሉ የተወለደበትን አለት ግን ወርውሮት ይመጣል። ማዕድን መሰብሰብ ከጀመርሁ ወዲህ እያደር የጸናብኝ እምነት ይህ ነው፦ ክሪስታል ከመፈለግ በፊት አለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ አለት ሊሰጥ የሚችለውና ፈጽሞ ሊሰጥ የማይችለው ነገር አለውና። በጮቄ ተራራ ላይ ኤመራልድ የሚፈልግ ሰው ጉልበቱን በከንቱ ያፈሳል፤ ጮቄ በእውነት የያዘውን ግን ረግጦት ያልፋል።

ኤመራልድ የቢረሌ ወገን ነው፤ ኬሚስቶች ቤሪል ይሉታል። ቢረሌ፣ ቱርማሊን፣ ቶጳዝዮን፣ እንዲሁም ሊትየምና ታንታለም የተሸከሙ ማዕድናት በብዙው የዓለም ክፍል የሚፈለጉት ፔግማታይት በሚባለው አለት ውስጥና በዙሪያው ነው። ፔግማታይት የግራናይት የመጨረሻ ልጅ ነው ቢባል ነገሩን ይገልጸዋል። በምድር ጥልቀት ውስጥ የቀለጠ አለት ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዝ፣ በተለመዱት ማዕድናት ውስጥ በቀላሉ ቦታ የሚያገኙት ንጥረ ነገሮች ቀድመው ይረጋሉ፤ ቦታ ያላገኙት እንደ ቤሪሊየም፣ ሊትየም፣ ቦሮን፣ ፍሎሪንና ታንታለም ያሉት ደግሞ ከውሃው ጋር በቀሪው ቅላጭ ውስጥ እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ። ውሃና ፍሎሪን የበዛበት ቅላጭ ቀጭን ስለሚሆን በስንጥቅ ውስጥ ሩቅ ይፈስሳል፤ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮችም በነጻነት ተንቀሳቅሰው ጥቂት በሆኑ የክሪስታል ጅማሬዎች ላይ ይሰበሰባሉ። በዚህ ምክንያት በተራ ግራናይት ውስጥ የጥራጥሬ ያህል የሆነው ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን በፔግማታይት ውስጥ ክንድ ያህል ሊረዝም ይችላል። በማዳጋስካር ማላኪያሊና በተባለ ስፍራ 18 ሜትር የሚረዝም የቢረሌ ክሪስታል መገኘቱ ተመዝግቧል።

በአገራችን ስለ ፔግማታይት ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው በጉጂ የሚገኘው ቀንጢቻ ነው። ከዚያ የሚወጣው ታንታለም በሞባይል ስልክና በኮምፒውተር ውስጥ ኤሌክትሪክ ለሚያጠራቅሙት ጥቃቅን ዕቃዎች የሚውል ብረት ነው፤ በዚያው አለት ውስጥ የሊትየም ማዕድን የሆነው ስፖዱሚንም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሻኪሶ አካባቢ ጥራት ያለው ኤመራልድ ወጥቶ ገበያ ላይ ሲታይ፣ የተፈጠረበት መንገድ ለአለት አንባቢ ሰው ግልጽ ነበር። ቤሪሊየም የሚመጣው ከፔግማታይቱ ነው፤ ቢረሌን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሮሚየም ግን በግራናይት ወገን አለት ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ከምድር መጎናጸፊያ፣ ማለትም ከቅርፊቷ በታች ካለው ክፍል፣ በመጡት፣ ማግኒዝየም በሞላባቸው ጥቁር አረንጓዴ አለቶች ውስጥ ነው። ሁለቱ በተገናኙበት ድንበር፣ ማይካ የሚባለው በስስ ገጽ የሚገለጥ ማዕድን፣ ጥቁሩ ዓይነት፣ በበዛበት ንጣፍ ውስጥ፣ ኤመራልድ ያድጋል። እንግዲህ ኤመራልድ ሁለት ጠባያቸው የማይመሳሰል አለቶች ካልተጎራበቱ በስተቀር የማይገኝ ፍሬ ነው። ይህን የተረዳ ሰው የጮቄን ጥቁር ድንጋይ በዶማ መፈልፈሉን በራሱ ጊዜ ይተወዋል።

ጮቄ እሳተ ገሞራ ነበረ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ይህ ተራራ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተደጋጋሚ በፈሰሰ ላቫ የተገነባ፣ ጎኑ ዝርግ የሆነ ሰፊ ገሞራ ነው፤ የተቀመጠውም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ደጋ በከደነው የባዛልት ክምር ላይ ነው። ባዛልት ማለት ቤት የምንሠራበት፣ አጥር የምናጥርበት፣ ኮብልስቶን እየጠረብን ጎዳና የምናነጥፍበት ያው ጥቁር ድንጋይ ነው። ላቫ ወደ ምድር ገጽ ወጥቶ በቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ለትልልቅ ክሪስታሎች ዕድገት ጊዜ አይሰጥም፤ የቤሪሊየም ክምችትም የለውም። በጎጃም ደጋ ላይ ፔግማታይት የማይታየው አለቱ ደሃ ስለሆነ ሳይሆን አፈጣጠሩ ሌላ ስለሆነ ነው። ጥንታዊው የግራናይትና የተለወጡ አለቶች መሠረት ከዚህ ሁሉ ክምር በታች ተቀብሯል፤ ወደ ምድር ገጽ ብቅ የሚለው ከደጋው ወርደን ወደ ምዕራብ፣ ቀድሞ በጎጃም ክፍለ አገር ሥር ወደነበረው መተከል ስንሄድ ነው።

አረንጓዴ ቅብ ያለውን ድንጋይ ለሚያመጡልኝ ሰዎች የምሰጠው መልስ ከዚህ ይነሣል። በባዛልት ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ ሴላዶናይት በሚባል፣ ከብረት የተነሣ አረንጓዴ በሆነ፣ ለስላሳና ደብዛዛ ማዕድን ይለበጣሉ። በጥፍር ሲጫር ይቀረፋል፤ ብርሃን አያሳልፍም፤ ማዕዘን ያለው ቅርጽም የለውም። በአንዳንዱ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ደግሞ ቢጫ አረንጓዴ የሆኑ የመስታወት ጥራጥሬዎች ይታያሉ፤ እነዚህ ኦሊቪን ናቸው። ሁለቱም የየራሳቸው ውበትና ትምህርት አላቸው፤ ኤመራልድ ግን አይደሉም። ይህን ስናገር የአንዳንዱ ሰው ፊት ሲጠቁር አያለሁ። ስለዚህ ድንጋዩን መልሼ ከመስጠቴ በፊት በማጉያ መነጽር አሳየዋለሁ፤ ቀዳዳውን በመጀመሪያ ምን እንደ ለበጠው፣ ከዚያ በላይ ምን እንዳደገ ተራ በተራ እነግረዋለሁ። ብዙዎቹ ድንጋዩን ሳይጥሉ ይዘውት ይሄዳሉ።

የባዛልቱ እውነተኛ ሀብት በእነዚህ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ላቫ ሲወጣ በውስጡ የተሟሟው ጋዝ እየተለየ አረፋ ይሆናል፤ አረፋውም ወደ ላይ ስለሚወጣ በእያንዳንዱ የላቫ ንጣፍ ራስ ላይ ይበዛል። ንጣፉ ሲረጋ አረፋዎቹ ባዶ ክፍሎች ሆነው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ረጅም ዘመናት የሞቀ ውሃ በአለቱ ስንጥቅ እየዘለቀ የባዛልቱን መስታወትና ፌልድስፓር ያሟሟል፤ ያሟሟውን ሲሊካ፣ ካልሲየም፣ ሶዲየምና አሉሚኒየም ተሸክሞ ወደ ክፍሎቹ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝ ወይም ጠባዩ ሲለወጥም በግድግዳቸው ላይ ያራግፈዋል። በዚህ መንገድ የሚያድጉት ዋነኞቹ ኋላ የምገልጻቸው ዚዮላይቶች፣ ካልሳይት፣ ኳርትዝና ክሪስታሎቹ በዓይን የማይለዩት የኳርትዝ ወገን የሆነው ኬልቄዶን ናቸው። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ላይ ከተዘረዘሩት የከተማይቱ መሠረቶች ሦስተኛው ኬልቄዶን፣ አራተኛው መረግድ፣ ማለትም ኤመራልድ፣ ነው፤ ተማሪዎቼን አራተኛውን ከመመኘታችሁ በፊት ሦስተኛውን ከእግራችሁ ሥር ፈልጉት እላቸዋለሁ።

ስለዚህ በቆረጣ ወይም በድንጋይ ካባ ፊት ስቆም መጀመሪያ የማደርገው መዶሻ ማንሣት አይደለም። ራቅ ብዬ ንጣፎቹን እቆጥራለሁ። በሁለት ንጣፎች መካከል ብዙ ጊዜ ቀይ የአፈር መስመር ይታያል፤ ይህ የታችኛው ላቫ ከቀዘቀዘ በኋላ በላዩ ላይ የበሰበሰ አፈር ሲሆን፣ ከላይ የመጣው ላቫ ጠብሶ አቅልቶታል። ከቀዩ መስመር ወዲያው በታች ያለው የንጣፉ ራስ ነው፤ ቀዳዳዎቹ የሚበዙትም፣ የተሞሉ ክሪስታሎች የሚፈለጉትም እዚያ ነው። የንጣፉ መሐል ጠጣርና ዓምድ እየሆነ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ለግንበኛ ይመቻል እንጂ ለእኛ ብዙ አይሰጥም። የካባ ሠራተኞች ደግሞ ቀዳዳ የበዛበትን ድንጋይ ስለማይፈልጉት ወደ ጎን ይጥሉታል፤ እኔም በእነርሱ ጥል ክምር ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ መልካም ናሙና ለቅሜያለሁ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው አቅጣጫም ሆነ በሞጣና በቢቸና በኩል፣ አዲስ መንገድ በተቆረጠበት ሁሉ ይህን የንጣፍ ንባብ መለማመድ ይቻላል። የወንዝ ዳርም መልካም ነው፤ ጨሞጋና ሙጋ ከጮቄ ሲወርዱ በክረምት የሚያንከባልሉት ድንጋይ፣ ውሃው ከጎደለ በኋላ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ታጥቦ ይገኛል። ኬልቄዶን ጠንካራ ስለሆነ በወንዝ ጉዞ አይፈርስም፤ ዚዮላይት ግን ይደቅቃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን በጠጠር ውስጥ፣ ሁለተኛውን በአለቱ ውስጥ መፈለግ ይገባል።

ዚዮላይቶች በተለይ ልዩ ፍቅር የሚገባቸው ይመስለኛል። በአሉሚኒየምና በሲሊኮን ማዕቀፋቸው ውስጥ ጥቃቅን ባዶ መተላለፊያዎች አሏቸው፤ በመተላለፊያዎቹም ውሃ ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1756 ስዊድናዊው አክሴል ክሮንስቴት ከእነዚህ አንዱን በእሳት ሲያሞቅ ውሃው እየፈላ ሲወጣ ተመልክቶ፣ ወገናቸውን ለብቻ ለይቶ ስም ሰጠ። ስቲልባይት የሚባለው ዝርግ ክሪስታሎቹ ወገባቸው ላይ ጠበብ፣ ጫፋቸው ላይ ሰፋ ብለው ስለሚሰበሰቡ የታሰረ የስንዴ ነዶ ይመስላል። ናትሮላይት ከአንድ ነጥብ ተነሥተው ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዘረጉ ነጫጭ መርፌዎች አሉት፤ ሻባዛይት ወደ ኩብ የቀረበ፣ ጥቂት ዘንበል ያለ ሣጥን ይሠራል፤ አናልሳይም ደግሞ 24 ገጽ ያለው ክብ መሰል ክሪስታል ነው። በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ሁለትና ሦስቱ ተደራርበው ሲገኙ የዕድገታቸውን ቅደም ተከተል ማንበብ ይቻላል፤ ግድግዳውን የነካው ቀድሞ ያደገ ነው፣ በሌላው ላይ የተቀመጠው ኋላ የመጣ ነው። የመጣውን ውሃ ሙቀትና ይዘት የሚመሰክረው ይህ ቅደም ተከተል ነው። ክሪስታሉን ነቅሎ ለብቻው የሚወስድ ሰው ይህን ምስክርነት እዚያው ትቶ ይሄዳል።

ሁለተኛው የጎጃም የክሪስታል አገር የዓባይ ሸለቆ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል ሲወረድ፣ 1,500 ሜትር ገደማ በሚደርስ ጥልቀት ውስጥ የምድር ታሪክ ከላይ ወደ ታች ተገልጦ ይታያል፦ ከላይ ባዛልቱ፣ ከእርሱ በታች በባሕር ውስጥ የተከማቸው የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጂፕሰምና የሸክላ ድንጋይ የተፈራረቁበት ክፍል፣ ወደ ወንዙ ሲቀርብም ቀይ የአሸዋ ድንጋይ። ጂፕሰሙ የተፈጠረው ከ160 ሚሊዮን ዓመት በሚበልጥ ዘመን በፊት፣ ባሕር በዚህ ምድር ላይ ገብቶ ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች ሲቀርና ፀሐይ ውሃውን ስታተነው ነው። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ የተሟሟው ካልሲየምና ሰልፌት መሸከሚያ አጥቶ ይረጋል። በሸለቆው ውስጥ ይህ ማዕድን በተለያየ መልክ ይገኛል፤ አንዳንዱ ነጭና ዱቄት መሰል ክምር ነው፤ በስንጥቆች ውስጥ ያደገው እንደ ሐር የሚያበራ ጭረት አለው፤ ሌላው ደግሞ ሰሌናይት የሚባለው፣ በስለት ጫፍ እየተገለጠ ወደ ቀጫጭን ግልጽ ንጣፍ የሚለያየው ነው። ለማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ ድንጋይ አላውቅም፤ ልጅ በጥፍሩ ጭሮት ምልክት ሲተው ሲያይ ጥንካሬ ማለት ምን እንደሆነ ያለ ብዙ ንግግር ይረዳል።

ከጂፕሰሙ በላይ ባለው የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ካልሳይት ይፈለጋል። ካልሳይት ሲሰበር በሦስት አቅጣጫ ብቻ እየተሰነጠቀ ጎኑ የዘመመ ሣጥን ይሠራል፤ የጠራውን ስባሪ በጽሑፍ ላይ ብናስቀምጠው ፊደሉ ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ብርሃን በውስጡ ሲያልፍ ለሁለት ስለሚከፈል ነው። በዚያው ድንጋይ ውስጥ የጥንት የባሕር ዛጎል ቅሪቶች ይታያሉ። እነዚህን አላነሣም፤ ቅሪተ አካል የተመራማሪዎች ምስክርና የአገር ቅርስ ስለሆነ ፎቶግራፍ አንሥቶ ማለፍ ይበቃል። በሸለቆው ውስጥ ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ማልዶ ወርዶ ረፋድ ላይ መውጣት፣ በክረምት ደግሞ የሚንሸራተተውን ሸክላ ፈርቶ ጨርሶ አለመውረድ ብልህነት ነው።

የሰበሰብነውን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣው የጥንካሬ መለኪያ እስከ ዛሬ በኪስ የሚያዝ ዳኛ ነው፦ ጂፕሰም 2፣ ካልሳይት 3፣ ኳርትዝ 7፣ ቶጳዝዮን 8፣ አልማዝ 10። ጥፍር ከ2 ጥቂት ይበልጣል፣ የቢላዋ ብረትና የመስኮት መስታወት ወደ 5 ተኩል ይጠጋሉ። እንግዲህ ጥርት ያለ ነጭ ክሪስታል በጥፍር ከተጫረ ጂፕሰም ነው፤ በጥፍር ሳይጫር በቢላዋ በቀላሉ ከተጫረና አሲድ ጠብ ሲልበት ከተንተከተከ ካልሳይት ነው፤ ቢላዋ የማይጭረውና መስታወት የሚጭረው፣ ስድስት ጎን ኖሮት ጎኖቹ ላይ አግድም መስመር ያለው ደግሞ ኳርትዝ ነው። «መስታወት ስለ ቆረጠ አልማዝ ነው» የሚለው ንግግር በገበያ ሰዎች ዘንድ ብዙ ገንዘብ አስወጥቷል፤ መስታወትን ኳርትዝም ይጭረዋልና። ዚዮላይቶች ከካልሳይት ጥቂት ጠንከር ብለው ከኳርትዝ በታች ናቸው፤ የሚለዩት በቅርጻቸውና በሐር ወይም በዕንቁ መሰል ብርሃናቸው ነው።

ማውጣትና ማጠብ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። መሮው የሚያርፈው ከክሪስታሉ ራቅ ብሎ በአለቱ ላይ ነው፤ የክሪስታሉን መቀመጫ ድንጋይ ይዞ ማውጣት ናሙናውን ሙሉ ያደርገዋል። ድንጋይ ስንመታ ዓይን የሚከልል መነጽር ማድረግን ማንም ሊንቀው አይገባም፤ የባዛልት ስንጣሪ ስለታም ነው። ዚዮላይትን በቀጥታ በሶፍት መጠቅለል መርፌዎቹን ይሰብራል፤ በእንቁላል ካርቶን ውስጥ ክሪስታሉ ምንም እንዳይነካው አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። ጂፕሰም በውሃ ጥቂት በጥቂት ስለሚሟሟ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይጠረጋል፤ ካልሳይትና ብዙ ዚዮላይቶች አሲድ ስለሚበላቸው ለማጽዳት ተብሎ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ሊነከሩ አይገባም። ሎሞንታይት የሚባለው ዚዮላይት ደግሞ ከአለቱ ወጥቶ በደረቅ አየር ሲቆይ ከውሃው ከፊሉን ያጣና ይፈረፈራል፤ እርሱን እዚያው በቦታው አይቶ መመዝገብ ይበልጣል።

መዝገቡ ከድንጋዩ ጋር እኩል ክብር ሊሰጠው ይገባል። እኔ በእያንዳንዱ ናሙና ጀርባ ላይ ትንሽ ነጭ ቀለም ቀብቼ ቁጥር እጽፋለሁ፤ በደብተሬም በዚያ ቁጥር ሥር ቀኑን፣ የቀበሌውንና የወንዙን ወይም የካባውን ስም፣ በስልኬ የተነበበውን የቦታ አመልካችና ከፍታ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ድንጋዩ በየትኛው ንጣፍ የትኛው ክፍል ላይ እንደ ነበረ አሰፍራለሁ። ከንጣፉ ራስ ነውን ከመሐሉ? በአለቱ ውስጥ ተተክሎ ነበርን ወይስ በደለል ውስጥ ወድቆ? ይህ መልስ የሌለው ቆንጆ ክሪስታል ለመደርደሪያ ጌጥ ይሆናል፤ ስለ ጎጃም ምድር ግን የሚናገረው ነገር የለም። ከየት እንደ መጣ የታወቀ፣ ቅርጹ የተሸራረፈ ናትሮላይት በእኔ ዘንድ ምንጩ ከማይታወቅ ማንኛውም የሚያምር ድንጋይ ይበልጣል።

ፈቃድም ከመዝገቡ አይለይም። ድንጋዩ በማሳው ጥግ ያለ ገበሬ «ጋሼ፣ ከዚህ ጥቂት ባነሣ ይፈቅዱልኛል?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል፤ ከተጠየቀ በኋላ ብዙ ጊዜ ከእኛ የተሻለውን ቦታ የሚያሳየን እርሱ ራሱ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ማዕድን አውጥቶ መሸጥም በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ነው። እኔ ለማስተማሪያ የሚሆን ጭብጥ ያህል አነሣለሁ፤ ከአንድ ቀዳዳ ክምችት ሁሉን አልጠርግም፤ የእርከን ድንጋይ አልነካም። ደላሎች ተስፋ ሰጥተዋቸው የገደል ሥር እየፈለፈሉ የሚገቡ ወጣቶችን ሳይ በጣም አዝናለሁ፤ ከባዛልቱ በታች ያለው የተጠበሰ ቀይ አፈር ሲቆፈር በላዩ ያለው ድንጋይ መያዣ ያጣል፤ ለማይገኝ ኤመራልድ ሲባል ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። በየወረዳው ያሉ ባለሙያዎች በዚህ ላይ በግልጽ ቢናገሩ፣ በየገበያው ቀንም አንድ ሰው ሴላዶናይትና ኤመራልድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያሳይ፣ ብዙ ጉዳት ይቀራል ብዬ አምናለሁ።

ፔግማታይትን በእውነት ማየት ለሚፈልግ ሰው አቅጣጫው ምዕራብ ነው። መተከል በእብነ በረዱና ከወንዝ አሸዋ በሚታጠበው ወርቁ የታወቀ አገር ነው፤ ሁለቱም ጥንታዊው መሠረት አለት ወደ ምድር ገጽ ለመቅረቡ ምስክሮች ናቸው። እንዲህ ባለ ምድር ላይ ዓይን የሚፈልገው ከአካባቢው አለት በቀለም የነጣ፣ ግራናይቱን ወይም የተለወጠውን አለት ሰንጥቆ የሚያልፍ ደም ሥር ነው። ጥራጥሬው ከዳር ወደ መሐል እየተለቀ ከሄደ፣ ሮዝ ወይም ነጭ ፌልድስፓር በጠፍጣፋ ገጽ እየተሰበረ ካበራ፣ ማይካው እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተገለጠ ከወጣ፣ መሐሉ ላይም ወተት መሰል ኳርትዝ ከተቀመጠ ፔግማታይት ነው። በአንዳንድ ቦታ ኳርትዙና ፌልድስፓሩ አብረው ስላደጉ፣ በፌልድስፓሩ ገጽ ላይ ፊደል መሰል ጥቁር ግራጫ ቅርጾች ተጽፈው ይታያሉ። ቱርማሊን ካለ በርዝመቱ በሚወርዱ መስመሮቹና ጎኑ ባበጠ ሦስት ማዕዘን ቁራጩ ይታወቃል፤ ቢረሌ ደግሞ ስድስት ጎን ኖሮት ጫፉ ዝርግ ነው፣ ቢላዋም አይጭረውም። ብዙው ፔግማታይት ግን ከፌልድስፓር፣ ከኳርትዝና ከማይካ በቀር ምንም የለውም፤ ይህም ቢሆን የሚያሳዝን አይደለም፤ ሦስቱን በእጅ መዳፍ ልክ አድጎ ማየት ግራናይትን ለዘለዓለም ያስተምራል።

አሁን እያዘጋጀሁት ያለሁት ለአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች የሚሆን የናሙና ሣጥን ነው። በአንድ ወገን የደጋው ይሆናል፦ ቀዳዳ የሌለው ባዛልት፣ ባዶ ቀዳዳ ያለው ባዛልት፣ ቀዳዳው በሴላዶናይት የተለበጠ፣ በላዩ ዚዮላይት ያደገበት፣ በመጨረሻም ኬልቄዶን የሞላው፤ አምስቱ ተከታትለው ሲቀመጡ የአንድ ቀዳዳን ዕድሜ ያሳያሉ። በሌላው ወገን የሸለቆው ጂፕሰም፣ ካልሳይትና የአሸዋ ድንጋይ ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ክፍል ለመሠረት አለቱ የተተወ ነው፤ እስካሁን የገባበት በስጦታ ያገኘሁት አንድ የመተከል እብነ በረድ ብቻ ሲሆን፣ መገኛው በሥፍራው ከተመዘገበ የፔግማታይት ፌልድስፓርና ማይካ ጋር እንዲጎራበት እፈልጋለሁ። በዚያ በኩል የምትኖሩና እንዲህ ያለ ደም ሥር የምታውቁ አንባቢዎች ካላችሁ፣ ድንጋዩን ከማንሣታችሁ በፊት በቦታው እንዳለ ፎቶግራፍ አንሡት፤ ዙሪያውን የከበበውን አለትም ጭምር በፎቶው ውስጥ አስገቡ፤ ሣጥኑ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው እርሱ ነው።